እናቴን አረንጓዴ ያለበስኩበት ፊልም

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች እናቴ፣ ስልኬን እየመለሰችልኝ።

በደርግ ጊዜ ዳባት ገበያ ላይ የተቀረጸ፣ እሷ ያለችበት ጥቁርና ነጭ ፊልም አግኝቼ በስልኬ ቀለም አስገባሁበት። ደስ ይላታል ብዬ ዛሬ ደባርቅ ድረስ ይዤላት ሄድኩ።

ስልኩ ከኋላዋ ለቆመችው አህያ እንኳ ትክክለኛ መልኳን ሰጥቷታል። የእናቴን ቀሚስ ግን አረንጓዴ አደረገው።

«ወንድምህን የገደሉት ሰዎች እንዳላለቅስ ከልክለውኝ ነበር። እኔም ቀሚሴን ጥቁር ነክሬ ገበያ ወጣሁ። እንዲያዩት ነው የወጣሁ።»

ቀለሙን አጥፍቼ መልሼ ሰጠኋት።

«አዎ፣ አሁን እኔ ነኝ» አለችና ያኔ የተከለከለችውን ለቅሶ አለቀሰች።

እናንተ ቤትስ ቀለም ሊነካው የማይገባ ምስል አለ?