ሻርሼሬት አምጪ
ይህን የነገረችኝ እዚህ አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር ከበላዬ ፎቅ ያለችው ታየች ናት። እኛ አሽቀሎኖች በረዶ የት እናውቃለን። ከባሏ ጋር ኢየሩሳሌም የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ እሷ የምትነዳው መኪናቸው በረዶው ላይ ወደ ገደል ይንሸራተት ጀመር።

«ፍሬኑን ርገጪ፤ እግርሽን ካነሳሽ አለቅን» ብሏት ባሏ ሰው ፍለጋ ወረደ።

ብቻዋን ፍሬኑን ረግጣ ሳለች አንድ ግዙፍ ፈረንጅ መስኮቱን ደበደበ። «ሻርሼሬት አምጪ፣ ቶሎ!» አላት በዕብራይስጥ። የአንገት ሐብል ማለት ነው። ወንበዴ መስሏት፣ እግሯን ሳታነሳ የሰርጓን ወርቅ አውልቃ ሰጠችው።

ሰውየው ግራ ገብቶት ወርቁን ኪሱ ከተተና፣ ጎማ እንዳይንሸራተት የሚታሰረውን ሰንሰለት ከወንበሯ ስር ጎትቶ አወጣ። ለካ የጎማ ሰንሰለትም በዕብራይስጥ ሻርሼሬት ነው። ባሏ የላከው ሰው ነበር፤ አስሮላቸው ሄደ።

ታየች የልጅ ልጇን አቀፈች። ባሏ መኪናውን ሸጠ። ሰውየው ከነወርቁ እንደሄደ ቀረ።