ፀሐዩ እስኪበርድ

ባለፈው የካቲት ታላቅ ወንድሜን አያ ዘውዱን ሳል ጠንቶበት እዚሁ መካነ ኢየሱስ ካለች አንዲት ክሊኒክ ወስጄው ተራ ስንጠብቅ፣ ከጎናችን የተቀመጠች ልጅ እግር እናት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ቅጠል ፈትታ በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ለታመመው ልጇ ከአፍንጫው ሥር ያዘችለት። ዳማከሴ ነበር። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ከክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር አንሥቶ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከተዘጋው የአባቴ ቤት በር ፊት ወስዶ አቆመኝ።

ነርሷ ደግሞ አባሰችው። ለተቀመጥነው ሁሉ አንዳንድ ወረቀት አደለች፤ የበጋ ወራት የጤና ምክር ነው። አያ ዘውዱ ጆሮው አይሰማም፣ ስለዚህ ድምፁን መመጠን አይችልም፤ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ በቅዳሴ መካከል መልእክት እንደሚያነብ ዲያቆን ቃሉን እየጎተተ፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ያነበው ጀመር። «በርና መስኮት ይከፈት! ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር የታየበት ሰው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይምጣ!» ሰዉ ሳቀ፤ ያቺ እናት እንኳ ሳትቀር ሳቀች። እኔም አብሬ ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ያን ምክር በቃሌ አውቀዋለሁ። ያስተማረን ጋሼ ሙላት ነው፤ በማዕረጉ ጤና ረዳት፣ በእኛ አፍ ግን ሐኪም። ጤና ጣቢያው ካለበት ከወገዳ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ እየመጣ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ካለ ድንጋይ ላይ ይቆምና ወቅቱ የሚያመጣውን በሽታ ይነግረናል። ሰኔ ሲገባ ውሃ አፍሉ ይላል፤ ጥቅምት ላይ ወደ ቆላ ለሚወርዱት የወባውን ነገር ያስጠነቅቃል፤ ከጥር ወዲያ ደረቁ ነፋስ አቧራውን ሲያነሣው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ስለ ማጅራት ገትር ይሆናል። የገዛ ማጅራቱን በእጁ ጨብጦ፣ አንገቱን አድርቆ፣ በሽታው ሰውን እንዴት እንደሚገትር ሲያሳይ ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው በጥሞና ይሰሙትና፣ ሲጨርስ ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ይጥል ይሆን ወይ ብለው ይጠይቁታል። ትምህርት ቤታችንም መጥቶ ነበር። ሦስቱን ምልክት ሳላዛንፍ በመናገሬ ከደረት ኪሱ አዲስ እርሳስ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እንዳያልቅብኝ ብዬ ሳልቀርጸው ስንት ሳምንት በደብተሬ መሐል ይዤው ዞርኩ።

አያ ዘውዱ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ይማር ነበር። የቤታችን ተስፋ በሙሉ በእሱ ጉሮሮና በእሱ ጆሮ ላይ ነበር። የኔታ «ከበረታ በሁለት ዓመት ያስመሰክራል» ማለታቸውን እናቴ ለመንደሩ ቤት ለቤት አዳርሳዋለች። ለስንቅ በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ከጓሮ ቆሞ ሲያዜም ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ያዳምጠዋል። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ አብሬ ስጮኽ «ትርንጎ፣ አንቺ እኮ ፍየል ነሽ» ይለኝና ይስቃል፤ ግን መልሶ ያዜምልኛል፣ እስካስተካክለው ድረስም ይጠብቀኛል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የጠበቀኝ ሰው የለም።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ በሶውን ሊወስድ መጥቶ፣ በሦስተኛው ቀን ራሴን አለ። በቀትር ልብሱን ሊያጥብ ወንዝ ወርዶ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም፤ ምች መታው ተባለ። ምች የመታው ሰው እኛ ዘንድ ከብርሃንና ከነፋስ ይሸሸጋል። ጎረቤታችን እማሆይ ብርቄ ዳማከሴውን ጨምቀው በአፍንጫው ጨመሩለት፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደረበለት፤ በሩ ተዘጋ፤ የጭስ መውጫዋ ቀዳዳ እንኳ በጨርቅ ተወተፈች። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ላጠጣው ራሱን ቀና ላደርገው ብሞክር አንገቱ እንደ ግንድ እምቢ አለኝ። ጋሼ ሙላት ድንጋይ ላይ ቆሞ ያሳየን ነገር መሆኑን ያን ጊዜውኑ አወቅሁት። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ዝም በዪ» አለችኝ አፌን በእጇ ይዛ። «ሐኪሙ ይሄን ከሰማ በቃሬዛ አሸክሞ በዚህ ፀሐይ ሊያወጣብኝ ነው። ምች የመታው ፀሐይ ላይ ከዋለ አይተርፍም። ከጠየቀሽ ተኝቷል በዪ።»

እናቴ ልጇን እያዳነች ነበር፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም። አባቴ በበኩሉ ሆዱ አላስችል ብሎት ጎህ ሲቀድ ወደ ወገዳ ሄዶ ነበርና፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጋሼ ሙላትን አስከትሎ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። እማሆይ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው «ፀሐዩ ይብረድላችሁ» አሏቸው። ይህ በእኛ አገር የክፋት ቃል አይደለም። ከፀሐይ የመጣ፣ ወንዝ የተሻገረ ሰው ወደ ታመመ ሰው ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ደጅ ተቀምጦ ላቡ ይደርቃል፣ ይዞት የመጣው ፀሐይ ከላዩ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ይገባል። አባቴ አልተከራከረም፤ እሱም ወንዝ ተሻግሮ መጥቷልና በገዛ ደጁ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ። ጋሼ ሙላትም የአገሩ ልጅ ነው፣ መነኩሲት ገፍቶ አይገባም። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል።

ውሃ ይዤለት ስወጣ አወቀኝ።

«አንቺ ባለ እርሳሷ፣ ወንድምሽ አንገቱን ያዞራል?»

በበሩ ስንጥቅ የእናቴ ዓይን ይታየኛል። «ተኝቷል» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ «ተኝቷል» አልኩ፤ እናቴ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ።

ፀሐዩ ሲበርድ አሥር ሰዓት ሆኗል። ጋሼ ሙላት ገብቶ እጁን ከወንድሜ ማጅራት ሥር ሰደደ፤ ተነሣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፣ ጨርቁን ከቀዳዳዋ መዞ ጣለው፣ መርፌውን አወጣ። ከዚያ ቃሬዛ ተባለ፤ የከለከለ ሰውም አልነበረም፣ አያ ዘውዱ በዚያን ጊዜ ራሱን ስቶ ነበርና። ጋሼ ሙላት ሲወጣ አንድ ጊዜ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ተረፈ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያተረፈው ዳማከሴው ነው ትል ነበር። ከወገዳ ሲመለስ ግን ስንጠራው ዞር አይልም፤ የላሟን እምቧታ፣ የደወሉን ድምፅ፣ ሁሉንም አጥቶት መጣ። መንደሩ ሐኪሙ ዘግይቶ ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ጋሼ ሙላት ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ላይ ሲቆም የሚሰማው ሰው እያነሰ ሲሄድ እያየሁ ዝም አልኩ። አያ ዘውዱ እንደ ምንም ቤተ ልሔም ተመልሶ የጓደኞቹን አፍ እያየ ሊከተል ሞክሮ ነበር። የኔታ ብዙ ወር ታገሡት፤ በመጨረሻ ድምፁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ሲሄድ አቅፈውት አለቀሱ አሉ። ዛሬ የሚተዳደረው ለተማሪዎች ድጓ እየገለበጠ ነው። ቃሉን ይጽፍና የማይሰማውን ዜማ ምልክት ከበላዩ ይደረድራል፤ አንዲት አይስትም። ለማሕሌት ሲቆም ከበሮው አጠገብ ካልሆነ አይሆንለትም፤ ምቱን የሚቀበለው በውስጥ እግሩ ነው። ሚስት አላገባም፣ በደብር ተቀጥሮ አላገለገለም፤ ያ ድምፅ የት ሊያደርሰው ይችል እንደነበር እያሰብኩ እኔ አረጀሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ የዳማከሴው ሽታ እየበረታ ሄደ። ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩትና፣ አስተማሪ ነኝና ከቦርሳዬ እርሳስ አላጣም፣ ከጀርባው ላይ ጻፍኩ። ሐኪሙ አልዘገየም፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ደጃችን ተቀምጦ ነበር፣ አንገቱን ያዞራል ወይ ሲለኝ ተኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁት። ይህን ግን ድምፁን ሳያወጣ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ አራት አድርጎ አጠፈውና ከኪሱ ከተተው።

«ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ድምፁን መመጠን አይችልምና ክሊኒኩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። «ሁለት ጊዜ ነው ያልሽው። ልጣራ ፈልጌ ድምፅ አነሰኝ። አልተኛሁም ነበር፣ ትርንጎ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፄን ሰምቶ አያውቅም። እንደ ፍየል እየጮኽኩ የተከተልኩት ዜማ ሁሉ ቀርቶ፣ ከእኔ ድምፅ ጆሮው ውስጥ የቀረችው ያች ቃል ናት።

ነርሷ ስሙን ጠራች። አልሰማትም። እጁን ይዤ አስነሣሁት።