ሚኒሶታ ለሽምግልና ሄደን በረዶ የያዘን ሳምንት

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ

ፌርፋክስ ገና አልነቃም። የምግብ ቤቶቹ መዝጊያ እንደወረደ ነው። አንድ የመንገድ ጽዳት መኪና አስፋልቱን እያጠበ ያልፋል። እኔ መኪናዬን አቁሜ ጋሼ ወርቁን እጠብቃለሁ።

ሰይድ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሰው ከሆቴል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሆቴል ሳመላልስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሁሌ ተሳፋሪ ሸኝቼ ነው የምመለሰው። ዛሬ ግን የምበረው እኔ ነኝ፣ ያውም በሽማግሌነት! ደስታው ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋርዴና የሚኖር ናሆም የሚባል ነርስ አለ። ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት የለም፣ እናቱ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ይኼ ልጅ ሰላም የምትባል፣ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ወደደ። የሰላም አባት አቶ ግርማ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ናሆም እዚህ ዘመድ ስለሌለው ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ጋሼ ወርቁንና እኔን ለመነን። ጋሼ ወርቁ በተማሪነት መጥተው፣ ኢንጂነር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው።

መጀመሪያ ላይ "በስልክ አይሆንም እንዴ?" ብዬ ነበር።

ጋሼ አፈጠጡብኝ። "ሚስት በስልክ ትለመናለች? ፒዛ ነው እንዴ?"

ይኸው መጡ። ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ከረባት፣ መስተዋት የመሰለ ጥቁር ጫማ። ካፖርት የለም።

"ጋሼ፣ ብርድ ነው እኮ የምንሄደው።"

"ፋሲካ አልፏል፣ ጸደይ ነው" አሉና የፊተኛው ወንበር ላይ ተደላደሉ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ወደ ሰሜን

ሚኒያፖሊስ በዝናብ ተቀበለችን። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን ነዳሁ። እንዲህ ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም። ለግማሽ ሰዓት ዝናብ፣ ከዚያ ጸሐይ፣ ከዚያ ጣሪያውን የሚደበድብ ጠጠር የመሰለ በረዶ፣ ከዚያ ደግሞ ጸሐይ። ጥድ፣ ውሃ የጠጣ ሜዳ፣ ገና ቅጠል ያላወጣ ነጭ ግንድ፣ ግማሹ የቀለጠ ኩሬ። ጋሼ አየሩ በተለወጠ ቁጥር "እይ! እይ!" እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል።

አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቡና ሁለት ዶላር። ሒሳብ የተቀበለችን ወፍራም ሴትዮ ቁምጣ ለብሳ የሱፍ ኮፍያ አድርጋለች። የጋሼን ጫማ አየችና ካፖርት እንዳላቸው ጠየቀች።

"ጸደይ አይደለም እንዴ?" አሉ ጋሼ።

"ጸደይማ ነው" አለች። "ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅዎት!" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እኛም ያልገባንን ሳቅ አብረን ሳቅን።

ማክሰኞ፣ ጸሐይ

ሐይቁ ዳር ባደርንበት ሞቴል ስንነቃ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሐይቁ ባሕር ነው የሚመስለው፣ ዳርቻው ላይ የተሰባበረ በረዶ እንደ መስታወት ስብርባሪ ይንሿሿል። ልጆች በካናቴራ ብስክሌት ይነዳሉ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው "አላልኩህም?" አሉኝ።

የአቶ ግርማ ቤት ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። ራሳቸው ከፈቱልን። ረዥም፣ ከሲታ፣ ስልሳዎቹን የጀመሩ፣ የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያ የለበሱ ሰው ናቸው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም" አሉ ጋሼ። ደንቡ ነው፣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ከዚያ ጋሼ ንግግር ጀመሩ። ስለ ናሆም ጨዋነት፣ ስለ እናቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ። ገና አያቱ ላይ እንዳሉ የአቶ ግርማ ስልክ ጮኸ። ብድግ ብለው በእንግሊዝኛ "አዎ፣ መጣሁ" አሉና ጃኬታቸውን አነሱ። ለካስ ሥራቸው የከተማዋን መንገድ ከበረዶ የሚጠርገውን ትልቁን መኪና መንዳት ነው። ለነገ ከባድ በረዶ ተተንብዮ መኪናውን እንዲያዘጋጁ ተጠርተው ነው።

"በረዶ?" አልኩ በመስኮት ጸሐይዋን እያየሁ።

"ሚያዝያ ነው" አሉ፣ ይኼ ማስረጃ የሆነ ይመስል። ከዚያ ለጋሼ እጅ ነሱ። "ሰምቻለሁ። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

ውጪ ስንወጣ ጋሼ በደስታ ሊዘሉ ደረሱ። "እንደ ደንቡ! ሌላ ቀን ተመለሱ! ሰው ማለት ይኼ ነው!"

"ጋሼ፣ ሌላ ቀን ማለት እኮ የአራት ሰዓት በረራ ነው።"

"ታዲያ? እዚሁ እንጠብቃለና!"

ረቡዕ፣ ነጭ

መጋረጃውን ስገልጥ ዓለም የለችም። ሐይቁ የለም፣ መንገዱ የለም። ጥጥ የሚያክል በረዶ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ሞቴሉ በር ላይ የቆመችው መኪናችን ነጭ ስለሆነች ጭራሽ የት እንዳለች ጠፋኝ።

ከሞቴሉ ባለቤት አካፋ ተውሼ ወጣሁ። ጋሼ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሩ ላይ ቆመው ያዝዙኛል። "ከግራ ጀምር! አይ፣ ከኋላ! ሰይድ፣ ክብደቱን በጉልበትህ አንሳ!" አንድ ሰዓት ቆፍሬ ጎማዎቹን አገኘሁ። ቀና ስል አንድ ብርቱካናማ ግዙፍ መኪና እያጓራ መጣ፣ በፊቱ ባለው ሰፊ ብረት የመንገዱን በረዶ ወደ ዳር እየገፋ። ሁሉንም መኪናችን ላይ አራገፈውና አለፈ።

ሹፌሩን አየሁት። አቶ ግርማ ናቸው።

እንደገና ቆፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡና እንደገና ቀበሩን።

"ጋሼ፣ ይኼ መልስ ነው" አልኩ አካፋውን ጥዬ። "መልሱ እምቢ ነው!"

ጋሼ ግድግዳ ተደግፈው እየተንከተከቱ ሳቁ። እኔም እበረዶው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ቂጤ ሲደነዝዝ እንኳ ሳቄን ማቆም አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ጠዋት ጉም፣ ቀትር ላይ ካፊያ

በጠዋት በር ተንኳኳ። አቶ ግርማ ናቸው፣ በአንድ እጃቸው አካፋ፣ በሌላው ሁለት ወፍራም ካፖርት።

"መኪናዋ የእናንተ መሆኗን አላወቅሁም ነበር" አሉ።

"ሁለተኛውን ጊዜስ?" አልኳቸው።

"ሁለተኛውን አውቄ ነው" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

መኪናዋን አብረን ቆፍረን ስናበቃ ቤታቸው ወሰዱን። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በሚጥሚጣ ጠብሰው አቀረቡ። እኔ ማን እንዳረደው የማላውቀውን ሥጋ ስለማልበላ ዓሣው ሠርግ ሆነልኝ። ጋሼ ግን ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው የፈሰኩ ሰው ናቸውና ዓሣውን በትካዜ አዩት። ከቀመሱት በኋላ ግን ሦስተኛ አስጨመሩ።

በልተን ስናበቃ አቶ ግርማ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ።

"ልጁ ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ክፋት የለኝም። ግን ልጄ ልታገባ መሆኑን ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁ። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከቀብሩ በኋላ ይኼን አገር ትተን ሎስ አንጀለስ እንሂድ አለችኝ። እናትሽ እዚህ ተቀብራ የት እሄዳለሁ አልኳት። ተጣላን። ከበረዶህ ጋር ኑር ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል መልእክት ብቻ ነው የምትልክልኝ። ድምፅዋን አልሰማሁም።"

ለጋብቻ የመጣን ሽማግሌዎች የእርቅ ጉዳይ ላይ ወደቅን።

ወደ ግቢው ወጥቼ ሰላም ጋ ደወልኩ። አባትሽ ጋ ደውዪ አልኳት።

"ጋሽ ሰይድ፣ እሱ ከፈለገ ኮል ያድርግ።"

"አንቺስ አትፈልጊም?"

ድምፅዋ ተለወጠ። "የሱን ከተማ ዌዘር ስልኬ ላይ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። በረዶ ይጥላል ካለ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይሠራልኝም። ያንን መኪና ሲነዳ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይነግረኛል? ትናንት ሦስቴ ልደውል ስልኩን አነሳሁ።"

"ታዲያ ደውዪ!"

"አፍራለሁ" አለችና ዘጋች።

ዓርብ፣ ሁሉም ዓይነት

ጸሐይ ወጣች። ከተማዋ ሁሉ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የመብራት ሽቦው። ቦዩ ይዘፍናል። አቶ ግርማ "ከእኔ ጋር ኑ" አሉንና በሞቴሉ በኩል ወዳለው ኮረብታ ወሰዱን። መቃብር ቦታ ነው። ከበሩ አንስቶ እስከ ባለቤታቸው ድንጋይ ድረስ ያለውን በረዶ በእጅ አካፋ ጠረጉ። ልርዳዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ጋሼ አማተቡ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁ።

"በረዶ በጣለ ቁጥር መጥቼ እጠርግላታለሁ" አሉ አቶ ግርማ። "ይኼን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?"

አፌን ልያዝ ወይስ ልናገር ብዬ ተጨነቅሁ። ተናገርኩ።

"ጋሽ ግርማ፣ ልጅዎ የዚህን ከተማ አየር በየጠዋቱ ስልኳ ላይ ታያለች።"

አካፋቸውን አቆሙ። "የዚህን ከተማ?"

"የዚህን። በረዶ ሲል ቀኑን ሙሉ ሥራ አይሠራላትም። እናቷን ቀብራለች። እርስዎንም እንዳታጣ ነው እንሂድ ያለችዎት። ተቆጥታ ሳይሆን ፈርታ ነው። ረቡዕ ዕለት ሦስት ጊዜ ልትደውልልዎ ስልክ አንስታ ነበር።"

"ረቡዕ?" አሉ። "ረቡዕ እኔም አንስቼ ነበር።"

ጓንታቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። በዚያው ቅጽበት ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓድ ጮኸና በረዶ ወረደብን። መብረቅና በረዶ አንድ ላይ! ጋሼ ሱፋቸውን ራሳቸው ላይ ጎትተው ወደ መኪናው ሮጡ፣ ከኋላቸው እኔ፣ ከኋላዬ አቶ ግርማ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደ ተማሪ እየተንሸራተትን፣ እየጮህን፣ እየሳቅን።

ቅዳሜ፣ የቀዘቀዘ መንገድ

ከበረራችን እንዳንቀር በማለዳ ተነሣን። የትናንቱ ቅልጥ ውሃ ሌሊቱን በረዶ ሆኗል። መንገዱ ያብረቀርቃል። ሞቴሉ በር ላይ ብርቱካናማው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀናል። አቶ ግርማ በምልክት ተከተሉኝ አሉ። የሥራ መስመራቸው እስከ ትልቁ አውራ ጎዳና ድረስ ነው። እሳቸው ከፊት እየጠረጉ አሸዋ ይበትናሉ፣ እኔ ከኋላቸው በቀስታ እነዳለሁ። የአገር መሪ የሆንኩ መሰለኝ።

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወርደው ወደ መስኮታችን መጡ። ከኋላችን ሦስት መኪና ተሰልፏል።

"ሰጥቻለሁ" አሉ።

ጋሼ አልሰሙም። "ምን አሉ?"

"ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ!"

ጋሼ በሩን ከፍተው ወጡ፣ አስፋልቱ አንሸራተታቸው፣ አቶ ግርማ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ተሳሳሙ። ከኋላ ያለው ክላክስ ነፋ። ጋሼ እጃቸውን እያወዛወዙ በአማርኛ "እልል በል!" አሉት።

"ግን አትንገሯት" አሉ አቶ ግርማ። "ለናሆምም ቢሆን። ነገ ከሰዓት፣ በእናንተ ስምንት ሰዓት፣ እኔው ራሴ እደውልላታለሁ። ቃል ግቡልኝ።"

ቃል ገባን።

እሁድ፣ ፌርፋክስ

ጸሐይ፣ ዘንባባ፣ ፓርኪንግ የሚፈልግ ሕዝብ። ናሆምና ሰላም የተለመደው ምግብ ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው ይጠብቁናል። በያይነቱ አዘናል፣ እነሱ ግን አንድ ጉርሻ አልበሉም።

"ጋሼ፣ ፕሊዝ" አለ ናሆም። "የስ ነው ኖ ነው?"

"በረዶው ቆንጆ ነበር" አሉ ጋሼ።

"ጋሽ ሰይድ?"

"ዓሣውም" አልኩ።

አቶ ግርማ እደውላለሁ ያሉት ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። ናሆም አላበው። ሰላም ስልኳን ከፍታ "እዛ እየጣለ ነው" አለች በቀስታ። ለካ ሥራ ተጠርተዋል! እኔና ጋሼ ተያየን። ምላሴ ሊያመልጠኝ ሲል ውሃ እጠጣለሁ። አራት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ስልኩ ጠራ።

ሰላም ማን እንደሆነ አይታ ፈዘዘች። ከዚያ ተነስታ ወደ ደጅ ሮጠች። በሩ ክፍት ስለሆነ የመጀመሪያ ቃሏን ሰማን።

"አባዬ... በላህ?"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማንም። መስታወቱን ተደግፋ ስታለቅስ፣ ስትስቅ፣ አላፊ አግዳሚው ሲያያት ምንም ሳይመስላት ቁጢጥ ስትል እናያታለን። ናሆም ቆሞ ይቀመጣል፣ ተቀምጦ ይቆማል። ጋሼ መሐረባቸውን አወጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገባች። ፊቷ ርሷል፣ ጥርሷ አይከደንም።

"እሺ ብሏል!" አለች። ናሆም ጮኸ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከማድ ቤት እልል ብላ ወጣች፣ የማያውቁን ሰዎች አጨበጨቡ።

"ግን አንድ ነገር አለ" አለች ሰላም። "ሠርጉ እማዬ ባለችበት፣ እዛ ይሁን ብሏል።"

"ኦኬ! ኖ ፕሮብለም!" አለ በዕድሜው በረዶ ረግጦ የማያውቀው ናሆም። "መቼ?"

"እንደ አገራችን ወግ ነው ያለው። በጥር።"

ጋሼ ወርቁ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

"በጥር?" አሉ። "ሚኒሶታ? በጥር?"

ሰላም በአዎንታ ራስዋን ነቀነቀች። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አወጣሁ። "የሙሽሮቹን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ!"