ለሩሲያ ገባሮች ያዘኑት አጎቴ

የበደሉኝ ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ ናቸው፤ ጊዜውም የደርግ ዘመን ነበር። ያኔ ቢቸና ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ስለ መጻሕፍት ውይይት ይደረግ ነበር። አጎቴ ስለ ሩሲያ መኳንንትና ገባሮች የሚተርክ አንድ ልብ ወለድ ከእጃቸው አይለይም። አስተያየት ሲጠየቁ "ፍርዴን ስሙ" ብለው ይነሱና መኳንንቱን አንድ በአንድ ይረግማሉ። ቤት ሲገቡ እግራቸውን የማጥበው፣ ውኃ የምቀዳው፣ እንጨት የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ወላጆቿ የሞቱባት የእህታቸው ልጅ።

አንድ ቀን እኔም መጽሐፉን አንብቤ ውይይቱ ላይ ተገኝቼ ነበርና ሰብሳቢው "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"መጽሐፉ እውነት ነው። ጋሼም ገባር አላቸው፤ እኔ ነኝ" አልሁ።

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ "ጋሼ፣ ፍርድዎን እንስማ እንጂ" አለ።

በማግስቱ አጎቴ ከትምህርት ቤት አስወጡኝ። "አፍሽ ተምሯል፤ ይበቃሻል" አሉኝ።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ "ለድኻ አዛኝ ነበሩ" ይላል። ማንበብ ያስለመዱኝ እርሳቸው መሆናቸውን አልክድም፤ ተቀምጠው የሚያነቡበትን መደብ ባዶ ሆኖ ሳየውም አዘንሁ። በደላቸውን ግን አልረሳሁም።

ከትምህርት ቤት ያስወጡኝ ጊዜ ቤታቸውን ትቼ ሞጣ ሄድሁና ያንኑ ሥራ በደመወዝ ልሠራ ሰው ቤት ተቀጠርሁ። ትምህርቴንም በማታው ክፍል ጨረስሁ።