ቀልዱ እዚሁ ይቅር

በከሚሴ ገበያ ወንዶች ሰብሰብ ብለው ሲስቁ የዘይቱና እጅ ባለበት ይቆማል። ማሾ የምትሰፍርበት ጣሳ ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ልብ አትልም። ማን እንደሳቀ፣ በማን እንደተሳቀ ካልለየች አትቀጥልም።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ባሏ ረጀብ በድርቁ ዓመት በሬዎቹን ሸጦ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ እሷ ከጨፋ ሮቢት ማሾ እያመጣች መቸርቸር ያዘች። ዱላው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ወጡ ጨው የበዛበት መሰላት፤ ቀነሰች። የዘገየች መሰላት፤ ገበያው ሳይፈታ መግባት ጀመረች። ለሽማግሌዎች ብትነግር ምን አጥፍተሽ ነው አሏት። እሷም ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን በሰፈሩ ሼህ፣ በሼህ ጀይሉ አጥር ሥር ስታልፍ፣ ግቢው ውስጥ ጫት የያዙት የረጀብ ጓደኞች ሲያሾፉበት ሰማች።

«ረጀቤ፣ ተነስ እንጂ፤ እመቤትህ ሳትገባ ሽንኩርቱን ክተፍላት።»

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ረጀብ ራሱ ነበር። የዚያን ዕለት ክንዷ እስኪያብጥ መታት። ሳቅ ቤት ድረስ ተከትሎ መጥቶ ዱላ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ሐሙስ በሼህ ጀይሉ ግቢ ወደጃ፣ የጋራ ዱዓ፣ ነበር። በወደጃ የቸገረው ሁሉ ደጃፍ ቆሞ ችግሩን ይናገራል፤ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል፤ ዝም ማለት ነውር ነው። ዘይቱና ጫማዋን አውልቃ ቆመች። ረጀብ ከጓደኞቹ መሀል ቀና ብሎ አያት። እውነቱን ትታ፣ ልጅ ታሞብኛል ብላ ዱዓ አስደርጋ ብትወጣስ?

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ቸገረሽ?» አሏት ሼህ ጀይሉ።

«ባሌ እዚህ ሲቀለድበት ይውልና ቤት ገብቶ ይመታኛል። ቀልዱ እዚሁ እንዲቀር ዱዓ አድርጉልኝ።»

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጓደኞቹም መሬት መሬት እያዩ አንድ በአንድ አሚን አሉ። የረጀብ አሚን ከሁሉም በኋላ መጣ፣ ዝቅ ብሎ። እርምጃውን፣ ሳሉን፣ በር አከፋፈቱን ሳይቀር ታውቃለች፤ ይህ ድምፅ ግን እፍረት ይሁን ቁጣ አልለይ አላት።

ጫማዋን አጠለቀች። ቤቷ በቀኝ በኩል ነው፤ እሷ ግን ልጇን ጠዋት ወዳደረሰችበት፣ ወደ እህቷ ወደ ኡሚ ቤት በግራ ታጠፈች። ከኋላዋ የሼሁ በር ሲከፈት ሰማች፤ አከፋፈቱ የረጀብ ነው። ዞር አላለችም፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።