የጓዳዋ ካሜራ

ሮቤ ላይ ስልክና ቴሌቪዥን የምጠግንባት ጠባብ ክፍል፣ የሴቶች ልብስ ከሚሸጡ አንዲት እናት ሱቅ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። አዴ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ካሜራ ያስገቡት ተማርረው ነው። በገበያ ቀን ሱቁ በሰው ሲጨናነቅ ቀሚስ በጉያ እየተሸጎጠ ይወጣባቸዋል። አንድ የጎባ ነጋዴ በስልክ የሚታዩ፣ በስልክ የሚዞሩ፣ ድምፅም የሚቀበሉና የሚያሰሙ ሁለት ካሜራዎች ሸጠላቸው። አንዱን ከሱቁ በር በላይ፣ ሌላውን ዕቃ የሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ራሱ ገጠመላቸው።

ጓዳው የዕቃ ቦታ ብቻ አይደለም። ሴቶች ልብስ የሚለኩት እዚያ ነው። አዴም ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ሻሻቸውን የሚፈቱት እዚያ ነው። ይህን ለነጋዴው ነግረውታል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ካሜራውን ወደ መደርደሪያው አዞረና፣ «ምን ያሳስብዎታል፣ አዴ? ከእርስዎ ስልክ በቀር የትም አይሄድም፤ ወላሂ» አላቸው። አመኑት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦ እየበየድኩ ሳለ በግድግዳው በኩል የጎረምሳ ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ!»

«ወአለይኩም ሰላም! ፈያዳ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱስ? በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?»

ጓዳ ውስጥ ስለነበሩ ፊቱን ባያዩትም ሰላምታውን በየፈርጁ መለሱለት። ደንበኛ ከሱቁ በር ላይ የሚጣራ መስሏቸዋል። እኛ አገር ሰላም ያለህን ሰው ማንነቱን ካላጣራሁ አልመልስም አይባልም።

«ና ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሃል?» አሉ።

«ገብቻለሁ እኮ። ይልቅ ሽበትሽ እንዲህ በዝቷል እንዴ?»

የሁለት ሦስት ሰው ሳቅ ተከተለ። ከዚያ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። አዴ ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ በሌላው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው እኔ ዘንድ ደረሱ። ካሜራውን ከነሽቦው ነቅለውታል። ወደ መደርደሪያው የዞረው ካሜራ ዓይኑን ወደ እሳቸው መልሶ ነው ያገኙት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ውስጥ ሰው አለ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀስ ብለህ አውራ፣ እንዳይሰማን።»

ተነቅሏል፣ አይሰማም ብላቸውም ፎጣውን አልገለጡትም። እኔ ገለጥኩትና ፈታሁት። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ፣ ከኔትወርኩ ክፍል አጠገብ፣ በነጭ ቀለም የተሰመረች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። ግራና ቀኟ ቆርቆሮ የተቀቡ የቺፕ እግር ማሳረፊያዎች ተደርድረዋል። መሃሉ ባዶ ነው። ቺፑ የለም።

እዚያ ቦታ ላይ ምን መቀመጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ከውጭ የመጣ እንግዳ ይህንኑ ካሜራ ተሰብሮበት አምጥቶልኝ ነበር፤ ሰሌዳው ያው ነው፤ የእሱ ላይ ግን ከጥፍር የምታንስ ጥቁር ቺፕ ተበይዳለች። ያቺ ቺፕ ለአንዱ ካሜራ ብቻ የተሰጠ ምስጢራዊ ቁልፍ ትይዛለች። የጠራው የባለቤቱ ስልክ መሆኑን ሳያረጋግጥ ካሜራው በሩን አይከፍትም። የእኛዋ ካሜራ ግን የይለፍ ቃሉን ለሚያውቅ ሁሉ ትከፍታለች። መሐንዲሱ ለአዴ የሚገባቸውን ነገር አውቆ ቦታውን አዘጋጅቷል፤ ከዚያ አንድ ሰው የእኛን አገር ሳጥን ሲያሽግ «ለእነዚህ ይቅር» ብሏል።

በሚኒባስ ወደ ጎባ ሄድኩ። ነጋዴው ሰሌዳውን አየና ትከሻውን ነቀነቀ።

«ውጭ አገር ሕጉ ያስገድዳቸዋል። እኛ የምንፈልገው ርካሽ ነው።»

«አዴ ርካሽ አምጣልኝ አሉህ? እሳቸው የጠየቁህ ማን ያየኛል ብለው ነው።»

«በል በል! ሮቤ ውስጥ አንዲትን አሮጊት ማን ሥራ ፈትቶ ያያል?»

«ያያቸው አለ እኮ። ሽበታቸውን ነገራቸው።»

የይለፍ ቃሉን ጠየቅሁት። ሳያፍር ነገረኝ፤ ለሸጠው ካሜራ ሁሉ አንድ ነው። «ይረሱታላ! ረስተው ይደውሉልኛል። እኔ ካልያዝኩላቸው ማን ይይዝላቸዋል?» አለ፤ ውለታ የዋለ ይመስል። የአንዱን ካሜራ የከፈተ የሁሉንም ጓዳ ይከፍታል ማለት ነው።

«ለሁሉም ደውልና ቀይሩ በላቸው።»

«ሱቄን ልታዘጋኝ ነው? አንተ ሂድና ቴሌቪዥንህን ጠግን፣ ወንድሜ» አለና ለሌላ ደንበኛ አዲስ ሳጥን መክፈት ጀመረ። በዚያ ሳጥን ላይ ትልቅ የቁልፍ ሥዕል ታትሟል።

ለደንበኛው ያንን ሥዕል እያሳየሁ ካሜራው ውስጥ ቁልፉ እንደሌለ ነገርኩት። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ነጋዴውን አየ፤ ከዚያ ከፍሎ ይዞት ሄደ።

ስመለስ አዴ ሱቃቸውን ዘግተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ነበር።

«ያዩት ነገር ተቀድቶ ቀርቷል?»

«አላውቅም፣ አዴ።»

«ማነው የሚያውቀው?»

«ካዩት ሰዎች በቀር ማንም።»

«እኔስ አሮጊት ነኝ» አሉ። «ልብስ ሊለኩ የገቡት ልጆች ናቸው እንጂ።»

በማግስቱ እያንዳንዷን ቤቷ ድረስ ሄደው ሊነግሩ ተነሱ። ነገሩን እንዳስረዳላቸው እኔንም አስከተሉኝ። በቅርቡ የምትዳር ልጅ ቤት ስንደርስ፣ አዴ በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው፣ «አውፍ በይኝ፣ ልጄ። በእኔ ቤት ነው የሆነው» አሏት። ያኔ ደሜ ፈላ። ቺፑን ያስቀረው የለም። የማለላቸው ነጋዴ የለም። የሳቁት የሉም። በሰው ደጃፍ ቆመው ይቅርታ የሚለምኑት፣ ጥፋት የሌለባቸው አዴ ብቻ ናቸው።

ልጅቷ የአዴን እጅ ይዛ አቀናቻቸው። አንዳችም ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ካሜራውን የፈታኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አንተስ? አይተኸኛል?»

«አላየሁም» አልኩ። እውነቴን ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አገጯ ድረስ ሳበች፤ አዴን አስገባችና በሩን እኔ ላይ ዘጋችው።