በአጭሩ ጠመንጃ ሥር ያስጻፍኩት ስም

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ አነስተኛ የቅርስ ማሳያ አዳራሽ በጽዳት የተቀጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ተመስገን ነጭ የጥጥ ጓንት አቀበለኝ።

«እማማ ኤርጎጌ፣ ዕቃዎቹን በባዶ እጅዎ እንዳይነኩ» አለኝ።

«እጄ ምን ሆነ? ስንት ልጅ ያሳደግኩበት እጅ ነው!»

ልጁ ደነገጠ። የራሱን ጓንት ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «የሰው ላብ ብረት ያዝጋል። የእኔም እጅ ያው ነው» አለ። አፈርኩ። በዚህ ሥራ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ሥራውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። እንጨት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ቆዳ በብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ውኃ አይነካውም። ብረት የስፌት መኪና ዘይት በተነከረ የጨርቅ ጫፍ በስሱ ይቀባል። ቁጥር ደግሞ በቀጥታ ዕቃው ላይ አይጻፍም፤ መጀመሪያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀባና በላዩ ይጻፋል። የጥፍር ቀለሙን ስገዛ ሻጯ «እማማ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» ብላ ሱቁን በሙሉ አሳቀችብኝ።

በኋላ ዕቃ ጠባቂ አደረጉኝ። ተመስገን ስብሰባ ሲሄድ ጎብኚ የማስጎበኘው እኔ ነበርኩ።

አቶ ላምቤቦ ከጃጁራ በኩል የመጡት አንድ ጠዋት በባጃጅ ነው። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። «ሹፌሩ ዶማ ከሆነ ከኋላ አስቀምጠው አለኝ። ዶማ ነው ብዬ ዝም አልኩ» ብለው ሳቁ። ጋቢው ሲገለጥ አጭር፣ ያረጀ ጠመንጃ ነው።

ተመስገን ጓንቱን አጥልቆ አገላበጠው። በግራ ጎኑ የብረት ቀለበት አለው። «ይህ የአሜሪካ የፈረሰኛ ጠመንጃ ነው» አለ። «ፈረሰኛ በአንድ እጁ ልጓም ስለሚይዝ ረጅም መሣሪያ አይመቸውም። ቀለበቱ በትከሻ ከሚያልፍ ጠፍር ጋር ይያያዛል፤ በግልቢያ ላይ ከእጁ ቢያመልጥ መሬት አይወድቅም።»

«ከአሜሪካ እዚህ ማን አመጣው?» አልኩት።

አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲያበቃ ፋብሪካዎቻቸው የውጭ ገበያ ፈለጉ። ግብፅ እንዲህ ያለ መሣሪያ በብዛት ገዛች። የግብፅ ጦር በሰሜን በኩል መጥቶ ሲሸነፍ ብዙው ጠመንጃ እኛ አገር ቀረ። ከዚያ ወደ ደቡብ በዘመቱ ወታደሮች ትከሻ ወደዚህ ወረደ። ተመስገን ያስረዳን እንዲህ ነው።

«ማንን ሊወጉበት?»

«የእኛን ሰዎች ነዋ፣ እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የቀረውን የነገሩን አቶ ላምቤቦ ናቸው። እዚህ አገር መሬት የተሰጠው አንድ ወታደር፣ የጠመንጃው መምቻ፣ ማለት ጥይቱን የሚመታው ብረት፣ ሲሰበርበት ለአያታቸው ለሄራሞ አመጣው። ሄራሞ አንጥረኛ ነበሩ። ከአሮጌ ማረሻ ብረት ቆርጠው፣ ቀጥቅጠውና ሞርደው አዲስ መምቻ ሠሩለት። ወታደሩ ግን ሊወስደው ሳይመጣ በጣሊያን ጊዜ ዘመተ፤ ከዘመተበትም አልተመለሰ። የሄራሞ ቤተሰብ ጠመንጃውን ባለቤቱ ይመጣል እያለ ጠበቀው።

«የአያትዎን ስም ከጠመንጃው ሥር በሚቀመጠው መግለጫ ካርድ ላይ እንጽፋለን» አልኳቸው።

«አይ፣ ስም አያስፈልግም። ይቀመጥልኝ ብቻ።»

«እንዴት አያስፈልግም!»

«ይቅር፣ እህቴ» አሉና ወሬ ቀየሩ። የልጅ ልጃቸው ምሕረት በዱራሜ ከተማ መምህርት እንደሆነች፣ ሽማግሌ እንደተላከላት በደስታ አጫወቱኝ።

በእኛ አገር እንግዳ ብላ ሲባል ይበቃኛል ይላል። ይበቃኛል ስላለ ዝም የሚለው ባለቤት ንፉግ ይባላል፤ ደግሞ መለመን፣ ማጉረስ ነው ወጉ። የእሳቸውንም እምቢታ እንደዚያ ቆጠርኩት።

ተመስገን ካርዱን «በጥንት ጀግኖች እጅ የነበረ የአሜሪካ የፈረሰኛ ጠመንጃ» ብሎ ጻፈው።

«ያዳነው ሰው የት አለ?» አልኩት።

«እማማ፣ ካርዱ ጠባብ ነው።»

«አስፋው!»

«ሰውየውም እኮ አይጻፍ ብለዋል።»

«አንተ ምሳ ስትጋበዝ በልቻለሁ አትልም?»

ሳቀ፤ አልጻፈም ግን። እኔም ጠመንጃው ያለበትን ሣጥን መስታወት አልወለውልም ብዬ ቁጭ አልኩ። መስታወቱ አቧራ ጠጥቶ ጠመንጃው ሲደበዝዝ ተሸነፈልኝ። አዲሱ ካርድ «ተሰብሮ የነበረውን መምቻ ሠርቶ ያዳነው የጃጁራው አንጥረኛ ሄራሞ ነው፤ ያበረከቱት የልጅ ልጁ አቶ ላምቤቦ ናቸው» ይላል። ለመጣው ጎብኚ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበው ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በእኛ አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ አልፊ ተንቆ ኖሯል። በሠራው ማረሻ እናርሳለን፤ ከቤቱ ግን አንጋባም። ዛሬ በአንድ ጸሎት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ሰው አሁንም ዘር ይቆጥራል። ይህን እያወቅሁ ነው ያስጻፍኩት። ስሙ በክብር ከተሰቀለ ንቀቱ የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከዱራሜ የመጡ ሴቶች ሲጎበኙ አንዷ ካርዱ ጋ ቆመች። «ይህ ላምቤቦ የመምህርት ምሕረት አያት ነው?» አለችኝ።

«አዎ! የምትኮሪበት ቤተሰብ ነው» አልኳት። የምሕረት እጮኛ አክስት እንደሆነች አላወቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ላምቤቦ መጡ። አልተቀመጡም።

«ሽማግሌዎቹ ቀርተዋል» አሉ። «ከአንጥረኛ ቤት መሆኗን ዱራሜ ማንም አያውቅም ነበር። እሷም እጮኛዋም ተስማምተው፣ ቀስ ብለው ራሳቸው ለቤተሰቡ ሊናገሩ ነበር።»

ተናደድኩ። «በዚህ የሚተው ቤት ከሆነማ ይቅርባት!»

«ይህን የምትወስኚው አንቺ ነሽ?»

ፋታ አልሰጡኝም።

«ለወንድ ልጅሽ የእኔን ቤት ልጅ ትጠይቂ ነበር?»

መጠየቅማ እጠይቃለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን አልፈጠነም። ልጄ ከአሁኗ ሚስቱ ጋር ሳይገናኝ በፊት የአንዲት ልጅ ስም ሲነሣለት፣ የማን ዘር ናት ብዬ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸው መልሴን በፊቴ ላይ አነበቡት። እንደዚያ ቀን ፊቴን የምሸፍንበት አጥቼ አላውቅም።

«አይጻፍ ያልኩሽ ለወጉ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የሣጥኑን ብሎን ፈትቼ ካርዱን በእጄ አወጣሁና ሰጠኋቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ጠመንጃውን ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ይቀመጥ። እሱ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተመለሱም። ምሕረት ዱራሜ ታስተምራለች።

አሁን በሣጥኑ ውስጥ የተመስገን አጭር ካርድ ነው ያለው። የሄራሞ መምቻ ከቀረው ብረት ይልቅ ጠቆር ይላል፤ ዘይት ስቀባው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እሱ ጋ እደርሳለሁ። አስተዋይ ጎብኚ «ይህ ክፍል ለምን ተለየ?» ሲለኝ፣ እዚሁ አገር እንደተሠራ እነግረዋለሁ። ማን እንደሠራው ከጠየቀ፣ ቤተሰቡ ስሙ እንዲነገር አልፈቀደም እላለሁ። እዚህም የቤተሰቡንና የቦታውን ስም ቀይሬ ነው የጻፍኩት።

በዚህ ሥራ ለምትተኩኝ የምለው ይህ ነው። ስለ ሰው ከመሟገታችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።